ሁለተኛው ስፍር
ግብር ከተወሰነ በኋላ የገዢ እጅ እስከ የት ይደርሳል?



ከንግድ የሚኖር ቤተሰብ ያላችሁ ሁሉ ይህን ነገር ሳታውቁት አትቀሩም። የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቷል። ግብሩ ተገምቶ፣ ተከፍሎ፣ ደረሰኙም በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። አባወራው «አልሐምዱሊላህ፣ የዘንድሮውን ተገላገልን» ብሎ የተረፈችውን ገንዘብ ለልጆች ትምህርት፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለዘመድ ሠርግ አውሏታል። ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ወረቀት ይመጣል። ያ የተዘጋው ዓመት እንደገና ሊታይ ነው ይላል። የዚያን ዕለት ማታ በማዕዱ ዙሪያ የሚሰፍነውን ዝምታ የቀመሰው ያውቀዋል። ሰውን የሚያስደነግጠው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አለቀ የተባለው ነገር አለማለቁ ነው።

በአገራችን ሕግ ለዚህ ነገር ወሰን ተበጅቶለታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983፣ ግብር ከፋዩ ሒሳቡን አስታውቆ ካቀረበበት ቀን አንሥቶ አምስት ዓመት ካለፈ ባለሥልጣኑ ያንን ውሳኔ ሊያሻሽለው እንደማይችል ደንግጓል። ሰውየው አጭበርብሮ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ፈጽሞ ከተገኘ ግን ገደብ የለም፤ ፋይሉ በማናቸውም ጊዜ ሊከፈት ይችላል። ብዙው ነጋዴ ይህን ወሰን የሚያውቀው ወረቀቱ እጁ ከገባ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ዛሬ ግን የሕግ ትምህርት ልንሰጣችሁ አልተነሣንም። ሐሳባችን ከዚህ አዋጅ ጀርባ ያለችውን አሮጌ ጥያቄ ማንሣት ነው። ገማች ገምቶ ከጨረሰ በኋላ የገመተው ነገር እሱንም ያስረዋልን? ወይስ የሚያስረው ከፋዩን ብቻ ነው? ይህች ጥያቄ በኢስላም ታሪክ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ተነሥታ ታላላቅ ዑለማዎች ተከራክረውባታል። የክርክሩን አካሄድ ስታዩት አውድማው፣ ቁናውና ገማቹ ሁሉ የምታውቁት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። እዚህ የምናወራው ስለ ዘካ አይደለም። ዘካ መጠኑ በሸሪዓ የታወቀ ዒባዳ ነው። የምናወራው ስለ ኸራጅ፣ ማለትም መንግሥት በመሬት ላይ ገምቶ ስለሚጥለው ግብር ነው። ኸራጅ የሰው ግምት ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል፤ ክርክሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ሙስሊሞች ዒራቅን ሲይዙ ሰዋድ የሚባለው ሰፊ ሜዳ በእጃቸው ገባ። ሰዋድ ማለት ጥቁረት ማለት ነው። ከበረሃ ለሚመጣ ሰው በጤግሮስና በኤፍራጥስ ዳር ያለው ለም አገር በአዝመራውና በቴምሩ ብዛት ጠቁሮ ስለሚታየው እንዲህ ተባለ ይላሉ። በዚህን ጊዜ መሬቱ ለዘማቾች ይከፋፈል ያሉ ሰሓቦች ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ የሐበሻው ልጅ ቢላል (ረ.ዐ) እንደ ነበሩ ኢማም አቡ ዩሱፍ ዘግበዋል። ዑመር ግን ዛሬ ብንከፋፈለው ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ምን ይተርፋቸዋል በማለት፣ ከሱረቱል ሐሽር አንቀጾችም ማስረጃ አቅርበው፣ መሬቱ በአራሾቹ እጅ እንዲቆይና ኸራጅ እንዲጣልበት ወሰኑ።

ታዲያ ማን ይለካዋል? ሰሓቦች ተማክረው ዑሥማን ኢብን ሑነይፍን (ረ.ዐ) መረጡ፤ አስተዋይነትና የሥራ ልምድ ያላቸው ሰው ነበሩና። ከጤግሮስ ማዶ ላለው አገር ደግሞ ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ) ተላኩ። ስለ ቀለባቸው የተዘገበውን ነገር ሳንነግራችሁ ማለፍ አንፈልግም። ዑመር ወደ ኩፋ ለላኳቸው ሦስት ሹማምንት፣ ማለትም ለአስተዳዳሪው ለዐማር፣ ለዳኛውና ለግምጃ ቤት ጠባቂው ለኢብን መስዑድ እንዲሁም ለመሬት ለኪው ለዑሥማን፣ በቀን አንድ በግ መደቡላቸው። ግማሹ ለዐማር ሆነ፤ የቀረው ለሁለቱ ተከፈለ። ይህን ካደረጉ በኋላም በየቀኑ አንድ በግ የሚወሰድበት አገር ሳይውል ሳያድር መጥፋቱ አይቀርም የሚል ስጋታቸውን ገለጹ። እንግዲህ ስለ አንድ በግ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ስለ ሚሊዮን ዲርሃም እንዴት ሊጨነቅ እንደሚችል ገምቱ።

የተለካው መሬት 36 ሚሊዮን ጀሪብ እንደ ደረሰ ተዘግቧል። አንድ ጀሪብ ከሩብ ሄክታር ያነሰ ነው። በእያንዳንዱ ጀሪብ ላይ የተጣለው ግብር እንደ አዝመራው ዓይነት ተለያየ። ዘገባዎቹ በቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ባይስማሙም፣ በአንደኛው መሠረት በወይን ላይ 10 ዲርሃም፣ በቴምር ላይ 8፣ በሸንኮራ አገዳ ላይ 6፣ በስንዴ ላይ 4፣ በገብስ ላይ 2 ዲርሃም ነበረ። በጃንሆይ ዘመን የነበራችሁ አረጋውያን ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ርስት ሲመደብ ያያችሁት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ልኬታው ፍጹም እንከን የለሽ ነበረ ማለትም አይደለም። ዑሥማን የመሬት ነገር ዐዋቂ ስለነበሩ ውድ ሐር እንደሚለካ ተጠንቅቀው እንደ ለኩ፣ ሑዘይፋ ግን ጁኻ በሚባለው አገር ብልጣብልጥ ባላገሮች ገጥመዋቸው በልኬታው እንደ ተጫወቱባቸው አቡ ዩሱፍ ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ይህችን ያዙልን፤ መንግሥት የሚገባውን ያህል ያላገኘበት ቦታ ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ዑመር (ረ.ዐ) በ23 ዓ.ሂ. ከመገደላቸው ጥቂት ቀናት በፊት በመዲና ከሁለቱ ለኪዎች ጋር ቆመው ሲነጋገሩ እንደ ነበረ ቡኻሪ ዘግበውታል። ጥያቄያቸው፣ ምናልባት መሬቱ የማይችለውን ጭናችሁበት ይሆን? የሚል ነበር። ሁለቱም የሚችለውን እንደ ጫኑበትና ብዙም ትርፍ እንደሌለው መለሱ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ቢፈልጉ ኖሮ እጥፍ አድርገው መጫን ይችሉ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ዑመር አልረኩም፤ የማይችለውን እንዳትጭኑበት እንደገና ተመልከቱ አሉ። አላህ ዕድሜ ከሰጣቸውም የዒራቅ መበለቶች ከእርሳቸው በኋላ የማንንም ወንድ እጅ የማያዩ ሆነው እንዲቀሩ እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ይህን ባሉ በአራተኛው ቀን ተወጉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኸሊፋው የተዘጋውን ግምት ራሳቸው ከፍተውታል። የከፈቱት ግን ከየትኛው ወገን ነው? በዝቶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። መሬቱ ከዚህም በላይ ይችላል የሚል ቃል ሲሰሙ «እንግዲያው ጨምሩ» አላሉም። ዝም አሉ። ይህች ዝምታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ የፊቅህ ማስረጃ ሆነች።

ማስረጃ ያደረጓት ኢማም አቡ ዩሱፍ ናቸው። አቡ ዩሱፍ የኢማም አቡ ሐኒፋ ታላቅ ደቀ መዝሙር፣ በኩፋ የተወለዱና በ182 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 798) የሞቱ፣ በዐባሲዮች ዘመን የዳኞች ሁሉ ዳኛ የሚለውን ማዕረግ መጀመሪያ የያዙ ሰው ናቸው። ኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ግብር እንዴት ሊሰበሰብ እንደሚገባ ጽፈው እንዲሰጧቸው ስለ ጠየቋቸው «ኪታቡል ኸራጅ» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጁ። መጽሐፉ ለገዢ የተጻፈ ቢሆንም ለገዢ የሚያጎነብስ አይደለም። ግብር ከፋዮች እንዳይደበደቡ፣ ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ፣ አንገታቸው ላይ ማሰሮ እንዳይንጠለጠልባቸው ይከለክላል። ይህ ሁሉ ይደረግ ነበር ማለት ነው። ግብር የመሰብሰቡን ሥራ በጨረታ ለሚገዙ ሰዎች መስጠትንም አጥብቆ ይቃወማል፤ ጨረታ የገዛ ሰው የከፈለውን ለማትረፍ ሲል አገሩን እንደሚያወድመው ያስጠነቅቃል።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ስለ አውድማ የተጻፈው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ግብሩ ከእህሉ ላይ በድርሻ የሚወሰድ ሲሆን ሰብሳቢው መጥቶ ክምሩን በዓይኑ ይገምታል፤ ወይም አንድ ጊዜ እንደ ነገሩ ይሰፍረውና ለጊዜው ትቶት ይሄዳል። እህሉ አውድማ ላይ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ይቆያል። ገበሬው ሊነካው አይችልም። ወፍ ይበላዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ሌባም አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው ተመልሶ ይመጣና ሁለተኛ ይሰፍራል። ከመጀመሪያው ስፍር ጎድሎ ሲያገኘው ጉድለቱን አምጡ ይላል። አቡ ዩሱፍ ይህ ሰብሳቢው የማይገባውን መውሰድ መሆኑን ለኸሊፋው በግልጽ ጻፉላቸው። በግምት ተይዞ ለግምቱ ጉድለት መጠየቅ የባላገሩ ጥፋትና የአገሩም ውድመት ነው አሉ። መፍትሔያቸው ቀላል ነበር። እህሉ እንደ ተወቃ ወዲያው ይሰፈር፤ መንግሥት ድርሻውን ይውሰድ፤ ገበሬውም የራሱን ይዞ ቤቱ ይግባ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት «የቀን ገቢ ግምት» ሲባል የሱቁን በር ዘግቶ ያዘነ ወገን ይህን የአውድማ ነገር ከእኛ በላይ ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

ይሁንና አቡ ዩሱፍን የነጋዴና የገበሬ ጠበቃ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩዋቸው። እርሳቸው ራሳቸው የዑመር ቋሚ ተመን ይቅርና በድርሻ ይተካ ብለው የመከሩ ሰው ናቸው። በዝናብና በወራጅ ውሃ ከሚበቅል ስንዴና ገብስ ከአምስት እጅ ሁለቱ፣ በውሃ መሳቢያ ከሚጠጣው ደግሞ ከዐሥር እጅ ሦስቱ ይወሰድ ብለዋል። ይህስ ያለቀ ውሳኔን መለወጥ አይደለምን? ነው። ምክንያታቸው ግን በዑመር ዘመን አብዛኛው መሬት ሲታረስ፣ በእርሳቸው ዘመን ብዙው ጠፍ ሆኖ ስለ ነበረ ነው። የጠፋውን እንደ ለማ ቆጥሮ በአሮጌው ተመን ማስከፈል ሕዝቡን ያስሰድዳል። ዑመር ለኪዎቹን የጠየቁት ጥያቄ ራሱ፣ መሬቱ አልቻለም ተብሎ ቢነገራቸው ይቀንሱ እንደ ነበረ ያሳያል ሲሉ ተከራከሩ። እንግዲህ ለመቀነስ ሲሆን ያለቀው ውሳኔ ይከፈታል።

ለመጨመርስ? እዚህ ላይ ነው ሁለቱ የአቡ ሐኒፋ ደቀ መዛሙርት የተለያዩት። የሐነፊ መዝሀብ መጻሕፍት እንደሚነግሩን፣ መሬቱ መሸከም ካቃተው መቀነስ እንደሚገባ ሁሉም ይስማማሉ። ምርቱ ቢያድግ ግን ኢማም ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ (ሞታቸው በ189 ዓ.ሂ.) መጨመር ይቻላል አሉ። ይህም ሚዛናዊ አስተያየት ነው፤ ሲጎድል የሚቀንስ ሲያድግ ለምን አይጨምርም? አቡ ዩሱፍ ግን አይቻልም አሉ። ማስረጃቸውም ያቺ የመዲና ዝምታ ነበረች፤ ዑመር መሬቱ ከዚህ በላይ እንደሚችል ተነግሯቸው ሳለ አልጨመሩም።

ውድ አንባቢያን፣ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁን፣ በሒሳብ ብቻ ለሚያስብ ሰው የአሽ-ሸይባኒ ቃል ይቀናል። ግምጃ ቤቱም የድኾች ነውና ባለጠጋው መሬት ሲያድግ ድርሻው ቢያድግ ምን ክፋት አለው? ሁለቱ ወገኖች ግን እኩል አይደሉም። ግብር ከፋዩ ግምቱ በዛብኝ ብሎ ወደ ሹሙ ቢመጣ ለምኖ ነው። ሹሙ ግምቱ አነሰኝ ብሎ ወደ ከፋዩ ቢሄድ ግን ወታደር ይዞ ነው። ሁለቱን በሮች እኩል መክፈት፣ አንደኛው በር ሰፊ ሁለተኛው ጠባብ እንዲሆን መተው ማለት ነው። ለእኛ የአቡ ዩሱፍ ቃል የሚያመዝንብን ስለዚህ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ የሆኑት አል-ማወርዲ (ሞታቸው በ450 ዓ.ሂ.፣ እ.ኤ.አ. 1058) ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት «አል-አሕካሙ ሱልጣኒያ» ይህንኑ ጉዳይ በሰፊው ተነተኑት። ኸራጁ አንድ ጊዜ የመሬቱ ሁኔታ ታይቶ በአግባቡ ከተጣለ፣ መሬቱ በዚያው ሁኔታ እስካለ ድረስ አይጨመርም፣ አይቀነስም አሉ። ሁኔታው ቢለወጥስ? ለውጡ ከማን እንደ መጣ ይታይ። ገበሬው በራሱ ጉልበት ቦይ ቆፍሮ፣ ውሃ አውጥቶ መሬቱን ቢያለማው ግብሩ አይጨመርበትም። በስንፍናው ቢያበላሸውም አይቀነስለትም። ያለ እርሱ ጥፋት ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ወይም ቦዩ ፈርሶ መሬቱ ቢጎዳ፣ ሊጠገን የሚችል ከሆነ ገዢው ከበይተል ማል ወጪ አድርጎ ያስጠግን፤ እስኪጠገን ድረስም ግብሩ ይቅር። ጎርፍ በራሱ ጊዜ አዲስ ውሃ ቢያመጣለትስ? ውሃው ይቆያል ተብሎ የማይታመን ከሆነ አይጨመር፤ የሚዘልቅ ከሆነ ግን ገዢው የባለ መሬቱንም የሕዝቡንም ጥቅም አስተያይቶ ይወስን።

እስኪ ይህን በዛሬ ነጋዴ ላይ አስቡት። ሱቁን ዐድሶ፣ ሌሊት ሠርቶ ደንበኛ ያበዛ ሰውና ከሱቁ ፊት አዲስ መንገድ ስለ ወጣለት ብቻ የበለጸገ ሰው በአል-ማወርዲ ዓይን አንድ አይደሉም። የዛሬው የገቢ ግብር በየዓመቱ የሚሰላ ስለሆነ በቀጥታ አይገጥምም፤ ልዩነቱን ለማየት ግን ይረዳናል።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ግን በፌርጋና ሸለቆ፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በሚባለው አገር የተወለዱት የአል-መርጊናኒ (ሞታቸው በ593 ዓ.ሂ.፣ እ.ኤ.አ. 1197) ነገር ነው። «አል-ሂዳያ» በተባለው መጽሐፋቸው አንድ የቆየ ድንጋጌ ጠቀሱ። መሬቱ ዘዕፈራን የመሰለ ውድ ነገር ሊያበቅል የሚችል ሆኖ ባለቤቱ ያለ ምክንያት ተራ እህል ቢዘራበት፣ የሚከፍለው የውዱን ግብር ነው ይላል ድንጋጌው። ትርፉን ያስቀረው እርሱ ራሱ ነውና። በአመክንዮ ስታዩት የሚነቀፍ አይደለም። አል-መርጊናኒ ግን ይህ ነገር ይታወቃል እንጂ ፈትዋ አይሰጥበትም አሉ። ለምን? በዳዮች የሰውን ገንዘብ ለመውሰድ እንዳይደፍሩበት!

ሹሙ ይህን ፈትዋ በእጁ ቢያገኝ ምን እንደሚሆን ሻርሖቹ አብራርተውታል። በየማሳው እየዞረ ይህ መሬት ድሮ ዘዕፈራን ያበቅል ነበር ይላል። አያበቅልም ብሎ ማን ያስረዳል? ስለዚህ ዑለማዎቹ የመንግሥት ገቢ የሚጨምር እውነተኛ ድንጋጌ እያወቁ፣ ክፉ እጅ እንዳይገባ ብለው አፋቸውን ያዙ። ሕግ ዐዋቂ የሆነ ሰው ሕጉ ትክክል መሆኑን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚይዘውም ማሰብ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ነው። በተግባርስ? እውነቱን ለመናገር ወሰኑ የተከበረው ገዢው ራሱን ባሰረበት ዘመን ብቻ ነው። የየመንን እንውሰድ። የየመን ሰዎች ከአዝመራቸው የሚከፍሉት ዐሥራት ነበረ። የአል-ሐጃጅ ወንድም ሙሐመድ ኢብን ዩሱፍ ገዢ ሆኖ ሲሾም በዐሥራቱ ላይ ሌላ ቋሚ ግብር ጣለባቸው። ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ በ99 ዓ.ሂ. ኸሊፋ ሲሆኑ ያንን ጭማሪ አንሥተው ወደ ዐሥራቱና ወደ ግማሽ ዐሥራቱ እንዲመለስ አዘዙ። ከየመን አንድ እፍኝ ማቅለሚያ ቅጠል ብቻ ቢመጣላቸው እንኳ ያንን ጭማሪ ከማጽናት እንደሚመርጡ ለሹማቸው ጻፉ። ለኩፋው ገዢም የጠፋውን መሬት እንደ ለማው አታስከፍል፣ ለሰነድ ዋጋ፣ ለገንዘብ ቀራጮች ደመወዝ፣ ለበዓል ስጦታ፣ ለጋብቻ እየተባለ በግብሩ ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ አትውሰድ ብለው አዘዙ። ዘመናቸው ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላም። እርሳቸውን የተካው የዚድ የየመንን ጭማሪ መለሰው።

የነጅራን ክርስቲያኖች ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከነጅራን ሰዎች ጋር በዓመት 2,000 ሑላ ልብስ እንዲከፍሉ፣ ግማሹን በሰፈር ግማሹን በረጀብ ወር እንዲያስረክቡ ተዋውለው ነበር። በዑመር ኢብኑል ኸጧብ ዘመን አብዛኞቹ ወደ ዒራቅ፣ ወደ ኩፋ አካባቢ ተዛወሩ። ተበትነውና ብዙዎቹ ሞተው ቁጥራቸው ስለ ቀነሰ አቤቱታ አቀረቡ፤ በዑሥማን (ረ.ዐ) ዘመን ተቀነሰላቸው፣ ከዚያም በኋላ እንደገና ተቀነሰላቸው። ከዚያ አል-ሐጃጅ መጣ። ኢብኑል አሽዐሥ ሲያምፅበት ነጅራኖችን ከዐመፀኞቹ ጋር አብራችኋል ብሎ ጠረጠራቸውና ልብሱን ወደ 1,800 ከፍ አደረገባቸው፤ ልብሱም ጥልፍ ያለበት ይሁን አለ። አስተውሉ፣ ሰዎቹ አልበዙም፣ አልበለጸጉም። የተለወጠው የሹሙ ልብ ብቻ ነው።

ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ ዘንድ ሄደው ማለቃቸውን ሲነግሯቸው፣ ኸሊፋው በወሬ አልወሰኑም፤ ይቆጠሩ አሉ። ሲቆጠሩ ከመጀመሪያው ቁጥራቸው ዐሥረኛው እጅ ብቻ ሆነው ተገኙ። ግብሩ በመሬት ላይ ሳይሆን በነፍስ ወከፍ የተጣለ ስለሆነ የሞተ ሰው ድርሻ በቆመው ላይ አይጫንም ብለው፣ ልብሱ 200 ብቻ፣ ዋጋውም 8,000 ዲርሃም እንዲሆን ወሰኑ። ይህም አልቆየም። ዩሱፍ ኢብን ዑመር የተባለው የዒራቅ ገዢ ለአል-ሐጃጅ ወገን ቀንቶ ወደ ቀድሞው መለሰው። በ132 ዓ.ሂ. የዐባሲዮች የመጀመሪያ ኸሊፋ አቡል ዐባስ ኩፋ ላይ ሲገለጥ ነጅራኖች በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሽታ ያለው ቅጠል ጎዝጉዘው ጠበቁት። ነገሩ ደስ አሰኘውና ጉዳያቸውን ሰማ፤ ወደ 200 መለሰላቸው።

በሃሩን አር-ረሺድ ዘመንም እንደገና አቤት አሉ። በዚህን ጊዜ ያስቸገራቸው ቁጥሩ አልነበረም፤ የሰብሳቢዎቹ መመላለስና ማስጨነቅ ነበረ። ረሺድም 200 ልብስ የሚል ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው አዘዙ። ከዚያም ከሰብሳቢዎቹ ጋር ምንም ግንኙነት እንዳይኖራቸውና ግብራቸውን ራሳቸው ይዘው በቀጥታ ለበይተል ማል እንዲያስገቡ ፈቀዱላቸው። ታሪክ ጸሐፊው አል-በላዙሪ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን ሲጽፉ፣ ያንን ደብዳቤ በዓይናቸው ማየታቸውን ገልጸዋል። ነጅራኖች እንደ ደረሰኝ ጠብቀው አኑረውት ነበር።